የደብዳቤው ግራ ጥግ

ከእኛ ቢሮ የወጣ ደብዳቤ እጃችሁ ከገባ ማህተሙን ለማየት አትቸኩሉ። የአለቃችንንም ፊርማ ተዉት፤ እሱ ራሱ ካልነገራችሁ በቀር ማንም አያነበውም። ዓይናችሁን ወደ ታች፣ ወደ ግራ ጥግ ላኩ። እዚያ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፉ ሁለት ደቃቅ ፊደሎች ታገኛላችሁ። አንዷ የእትዬ ስም መነሻ ናት፣ ሌላዋ ያባቷ። ትርጉማቸውም "ይህን ደብዳቤ አንብቤዋለሁ" ነው፤ ከዚያ ያለፈ ምሥጢር የላቸውም።

እትዬ በዩኒቨርሲቲያችን ሬጅስትራር ቢሮ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ስድስት አለቃ ተቀብላ አምስቱን ሸኝታለች። ከተማሪዎች በቀር "እርስዎ" የሚላትን ሰው አትወድም፤ አዲስ ሠራተኛ ተሽቆጥቁጦ "እንደምን አደሩ?" ሲላት "ማንን ነው? ሁለት ሆነን ነው የምታየን?" ትለዋለች። ስለዚህ ሁላችንም "አንቺ" እንላታለን፣ በልባችን ግን ቆመን ነው።

የምታነብበት መንገድ ለየት ያለ ነው። እያንዳንዱን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ታነባለች። መጀመሪያ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ፣ የፕላስቲክ ማስመሪያ ከመስመሩ ሥር እያስኬደች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች። ይህ የቢሮው ንባብ ነው። ከዚያ ትነሳና የባንኮኒውን መዝጊያ ከፍ አድርጋ ትወጣለች። ተማሪዎች በሚሰለፉበት በኩል፣ ንጣፉ በጫማ ብዛት ቀለሙን የለቀቀበት ቦታ ላይ ትቆምና ያንኑ ወረቀት እንደ ተቀባዩ ሆና እንደገና ታነበዋለች። አንዳንዴ እዚያ ቆማ ፊቷ ይለዋወጣል። አንድ ጊዜ መታወቂያው ጊዜው ላለፈበት ተማሪ "ከዩኒቨርሲቲው ጋር ያለዎት ግንኙነት ተቋርጧል" ብለን ልንጽፍ ነበር። ከባንኮኒው ወዲያ ሆና ጮኸች።

"መታወቂያህን አሳድስ ለማለት ነው ይሄ ሁሉ? ልጁ እዚሁ ተዝለፍልፎ ቢወድቅብን ማን ያነሳዋል?"

እኛ ደግሞ መቀለዳችን አይቀርም። "እትዬ፣ ዛሬ ስንተኛ ተራ ነሽ?" እንላታለን። "ሰልፉ አይሄድም፤ ውስጥ ያሉት ሠራተኞች ወሬ ይዘዋል" ትለናለች። እንዲህ ተሳስቀን ሁለቱን ፊደሎች ጥጉ ላይ ጫር አድርጋ ወረቀቱን ወደ ማህተሙ ታሳልፋለች።

አንድ የምትኮራበት ነገር አለ። ሊፍት ውስጥ ያገኘችውን ሰው ሁሉ፣ ሰውየው ቢፈልግም ባይፈልግም፣ ሳትነግረው አታልፍም፦ "ሃያ ዘጠኝ ዓመት! ማህደሬ ውስጥ አንድ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የለም።" ጡረታ ለመውጣት አራት ወር ቀርቷት ነበር። ያን ንጹሕ ማህደር ይዛ መውጣት ነበር ምኞቷ። ሌላ ሽልማት አልጠየቀችም።

እኔ ፊት ለፊቷ ነው የምቀመጠው፤ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ፈጣኑ ይሉኛል። ስሙን ያወጣችልኝ እሷ ነች። ምስጋና መስሎኝ ሁለት ዓመት ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ኖሬያለሁ።

እንግዲህ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ነገር ወደ ግቢያችን የገባው ያለ ደብዳቤ ነው። ማንም አልፈቀደለትም፣ ማንም አልከለከለውም። እኛ አፈ ጮሌው አልነው። ይጠቀምበታል የተባለ ሰው ሁሉ ይምላል ይገዘታል፤ ግን ያስታውቃል። ዱሮ "ቁልፉን ላኩልኝ" ብሎ የሚጽፍልን የንብረት ክፍል ሰውዬ በአንድ ሌሊት "ቁልፉ በተቀላጠፈ ሁኔታ ተደራሽ ይደረግልኝ ዘንድ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ" ማለት ጀመረ። ቁልፉ የሽንት ቤት ቁልፍ ነበር።

እኔም ከማን አንሼ! የመልሶ ቅበላ ወቅት ደረሰ። ትምህርት አቋርጠው የነበሩ ልጆች "ልመለስ" ብለው የሚያመለክቱበት ጊዜ ነው። ቅበላውን የሚያዩት መምህራን የውሳኔ ዝርዝራቸውን ላኩልንና በሁለት ቀን መቶ ስልሳ መልስ ይውጣ ተባለ። ማመልከቻዎቹን ከነውሳኔያቸው ለአፈ ጮሌው ሰጠሁት። ሻይዬን ጠጥቼ ሳልጨርስ መቶ ስልሳ ደብዳቤ አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። አማርኛቸው አንገት ያስነቀንቃል። አለቃችን ቁልሉን ሲያይ ደስ ብሎት ፊርማውን እየሞነጨረ አሳለፈው።

በዚያ ሳምንት የእትዬ ጉልበት አብጦ ነበር። ከወንበሯ ስትነሳ ጥርሷን ነክሳ ነው። ቁልሉን ጠረጴዛዋ ላይ ሳስቀምጥላት አየችው፣ ቀጥላ የባንኮኒውን መዝጊያ አየች፣ መጨረሻ ላይ ጉልበቷን።

"እትዬ፣ እኔ አንድ በአንድ አይቻቸዋለሁ" አልኳት። "አንቺ ጥጉን ብቻ ሙዪ።"

"ሁሉንም አይተሃል?"

"በዓይኔ በብረቱ!"

ውሸቴን ነው። አሥሩን ነበር ያየሁት። አሥሩ እንከን ስላልነበራቸው የቀሩት ምን ሊሆኑ ብዬ ተውኳቸው። ምስኪኗ እትዬ አመነችኝ። እንደ ተቀመጠች መቶ ስልሳ ጥግ ሞላች፤ በሃያ ዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ከባንኮኒው ሳትወጣ።

ሁለት ሳምንት ሰላም ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ከላይ ደብዳቤ መጣ። የዩኒቨርሲቲው ሠራተኞች አፈ ጮሌውን እንዴት መጠቀም እንዳለባቸው፣ ከእነሱ ምን እንደሚጠበቅ የሚወስን ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ ሐሙስ ይሰበሰባል፤ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው እትዬ ናት፤ ስክሪኑን የማንቀሳቅሰው እኔ። "አንተን ነው እንግዲህ ያገኙት!" ብላ ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅኩ።

ረቡዕ ጠዋት አንዲት ልጅ ባንኮኒው ጋ ቆመች። በአንድ እጇ የእኛን ደብዳቤ፣ በሌላው ሽፋኑ የተቀደደ የዩኒቨርሲቲውን ደንብ ይዛለች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለች ለእትዬ። "አንቀጽ አርባ ሰባትን ፈልጌ አጣሁት። የኔ መጽሐፍ የድሮው ሳይሆን አይቀርም። የእናንተን ላየው እችላለሁ?"

ደንቡ የሚያበቃው አንቀጽ አርባ ሦስት ላይ ነው። የድሮውም አዲሱም። እትዬ በቃሏ ታውቀዋለች።

ደብዳቤውን ተቀበለቻት። ከላይ አልጀመረችም፤ ቀጥታ ወደ ጥጉ ነው የሄደችው። ሁለቱ ፊደሎቿ እዚያ አሉ። ከዚያ ጠረጴዛውን ተደግፋ ተነሳች፣ መዝጊያውን ከፍ አድርጋ፣ እያነከሰች ወጣችና ልጅቷ አጠገብ ቆማ አነበበችው፦ "በደንቡ አንቀጽ 47 መሠረት ጥያቄዎ ውድቅ መደረጉንና ውሳኔው የመጨረሻ መሆኑን በአክብሮት እንገልጻለን።"

ነገሩን አንድ በአንድ ጠየቀቻት። ልጅቷ ትምህርቷን ያቋረጠችው እናቷ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት አስታማሚ ስላልነበራት ነው። አሁን እናትየው ድናለች፤ ልጅቷ ልትመለስ ነው። በውሳኔ ዝርዝሩ ላይ በስሟ ትይዩ የተጻፈው "የሕክምና ማስረጃ ይሟላ" የሚል ብቻ ነበር። አሟዪ ማለትን አፈ ጮሌው ውድቅ አድርጎ፣ ለውድቁ አንቀጽ ፈጥሮ፣ ላንቀጹ ቁጥር ሰጥቶት ቁጭ!

"ማስረጃው እኮ አለኝ" አለች ልጅቷ፣ ከቦርሳዋ በፕላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት እያወጣች። "ማንም አልጠየቀኝም እንጂ። ምዝገባው ደግሞ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል። ዓርብ ካለፈ ሌላ ዓመት መጠበቄ ነው።"

"ወረቀትሽን ተዪልኝና ዓርብ ጠዋት ተመለሽ፣ ልጄ" አለቻት እትዬ። 

ልጅቷ እንደሄደች ወደኔ ዞረች። "አይቻለሁ አላልከኝም?"

"አሥሩን" አልኩ፣ ጫማዬን እያየሁ።

ብትሰድበኝ ምንኛ ደስ ባለኝ! አልፋኝ ወደ አለቃችን ክፍል ገባች። እኔም ተከተልኳት።

የወጣ ደብዳቤ ለመሻር ስህተቱ የማን እንደሆነ በጽሑፍ መገለጽ አለበት፤ የቢሯችን ሕግ ነው። ስሙ የተጻፈ ሰው ደግሞ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል። አለቃችን ክፉ ሰው አይደለም፣ ፈሪ ነው።

"ነገ ኮሚቴ አለ" አለ። "ይሄ ወሬ ዛሬ ከወጣ መቶ ስልሳውንም መርምሩ ይሉናል፤ መሳቂያ እንሆናለን። መመሪያው ይውጣ፣ ከዚያ የልጅቷን ጉዳይ ረጋ ብለን እናየዋለን።"

"ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል።"

"ለሚቀጥለው ዓመት ትመዘገባላ! እትዬ፣ አራት ወር ነው የቀረሽ። ስለ ማህደርሽ አስቢ እንጂ።"

እትዬ ወጣች። ያን ቀን ስለ ማህደሯ ለማንም ስትናገር አልሰማኋትም።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ተሰበሰብን። ረጅም ጠረጴዛ፣ የውኃ ጠርሙሶች፣ አንድ እግሩ አጭር ሆኖ የሚንገዳገድ ስክሪን። ሰብሳቢዋ ምክትል ፕሬዚዳንቷ ነች፤ ብዙ የማትናገር፣ መነጽሯን እያወለቀች ሰው የምታይ ሴት። ሁለት ረቂቅ ቀርቧል። የሕግ ክፍሉ ኃላፊ ጭራሽ ይከልከል ይላል። የቴክኖሎጂ ዳይሬክተሩ ደግሞ በነፃነት ይፈቀድ ብሎ ሠላሳ ሁለት ገጽ ይዞ መጥቷል። ምክትል ፕሬዚዳንቷ የሁለቱንም መግቢያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንድታነብ እትዬን ጠየቀቻት።

እትዬ የክልከላውን አነሳች። "በፍጥነት በሚለዋወጠው የዲጂታል ዘመን፣ ተቋማት ዕድሎችን ከተግዳሮቶች ጋር አጣጥመው መጓዝ ይጠበቅባቸዋል።" አስቀመጠችውና የፈቃዱን አነሳች። "በፍጥነት በሚለዋወጠው የዲጂታል ዘመን፣ ተቋማት ዕድሎችን ከተግዳሮቶች ጋር..." ቆም አለች። ማስመሪያዋን ከወረቀቱ ላይ አንስታ ሁለቱን ጎን ለጎን አደረገቻቸው።

ምክትል ፕሬዚዳንቷ መነጽሯን አወለቀች። "ክልከላውንም በሱ ነው ያስጻፋችሁት?"

የሕግ ክፍሉ ኃላፊ ክራቫቱን ነካካ። "መነሻ ሐሳብ ብቻ ነው የወሰድነው" አለ። ዳይሬክተሩ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ውኃ አነቀው። እኔም ልስቅ ስል እትዬን አየኋት። እሷ አልሳቀችም። እስክሪብቶዋን ቃለ ጉባኤው ላይ አጋድማ አስቀምጣ ነበር።

"ቃለ ጉባኤ ያዥ መናገር ይፈቀድለታል?" አለች።

አለቃችን በዓይኑ ተይ አላት። አላየችውም፣ ወይም እንዳላየች ሆነች። ምክትል ፕሬዚዳንቷ "ይፈቀዳል" አለች።

እትዬ የልጅቷን ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና ሁሉንም ተናገረች። የሌለ አንቀጽ ጠቅሰን አንዲት ልጅ ማባረራችንን፣ ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዓመቷ እንደሚቃጠል፣ በአፈ ጮሌው የተጻፈ ደብዳቤ መቶ ስልሳ እንደወጣ።  እጇ ጉልበቷ ላይ ነበር።

"ይህ እንግዲህ የማሽኑ ስህተት ነው" አለ የሕግ ክፍሉ ኃላፊ፣ ከረቂቁ ወሬ በመውጣቱ ደስ ብሎት። "ለዚህ እኮ ነው ይከልከል ያልኩት።"

"ማሽኑ ጥጉ ላይ አልፈረመም" አለች እትዬ። "እዚህ ያሉት ፊደሎች የኔ ናቸው። አንብቤዋለሁ ብዬ ነው የጻፍኳቸው፤ አላነበብኩትም። ስህተቱ የኔ ነው፣ ቃለ ጉባኤው ላይም እንደዚያው እጽፈዋለሁ። ብቻ የልጅቷ ደብዳቤ ዛሬ ይሻርልኝ።"

ስሜን አልጠራችም። ብትጠራኝ እክድ ነበር ይሆናል፤ ራሴን ስለማውቀው ነው። አለመጥራቷ ነው ከወንበሬ ያስነሳኝ። ስነሳ የስክሪኑን ገመድ በእግሬ ጎትቼው ስክሪኑ ጠፋ። እንዲያው ምን አለ፣ አንድ ቀን እንኳ በክብር ብነሳ!

"አይቻቸዋለሁ ብዬ የዋሸኋት እኔ ነኝ" አልኩ። "ያስጻፍኩትም እኔ ነኝ።"

ምክትል ፕሬዚዳንቷ ወደኔ ዞረች። "ማመልከቻዎቹን እንዳሉ ነው የሰጠኸው? የእናቷን ሕመም ጭምር?"

"እንዳሉ ነው፣ ከነስማቸው።"

"ሴትየዋን ማን አስፈቀደ?"

 እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሴትየዋ ሰው መሆኗ ትዝ ብሎኝ አያውቅም ነበር። አፍሬያለሁ፤ ዛሬም ድረስ አፍራለሁ።

ምክትል ፕሬዚዳንቷ ሁለቱንም ረቂቅ አጠፈችና "ተነሱ፣ ወደ ባንኮኒው እንሂድ" አለች። የዚያን ቀን ግቢው ያየውን ደግሞ አያይም። የሕግ ክፍሉ ኃላፊ ኮቱን አውልቆ፣ የቴክኖሎጂ ዳይሬክተሩ እጅጌውን ሰብስቦ፣ አለቃችን እያላበው፣ የመቶ ስልሳውን ደብዳቤ ቅጂ ተካፍለው ከተማሪዎች በኩል ቆመው ማንበብ ያዙ። እትዬ ወንበር ተሰጥቷት የውሳኔ ዝርዝሩን ትጠራለች። ለጉዳይ የመጡ ልጆች ሰልፉ መስሏቸው ከኋላቸው ተሰለፉ። አንዱማ የሕግ ክፍሉን ኃላፊ "ወንድም፣ እዚህ ከቆምክ ብዙ ሆነህ?" ብሎ ጠየቀው። "ከጠዋት ጀምሮ" አለ ሰውዬው፣ ከልቡ።

ሌሎች አራት የተሳሳቱ አገኘን። ለአራቱም ያኑ ዕለት ተደወለ። የልጅቷን ማስረጃ መምህራኑ ከሰዓት በኋላ አይተው ፈቀዱ። ዓርብ ጠዋት መጣች። እትዬ አዲሱን ደብዳቤ ይዛ ወጥታ አጠገቧ ቆመች፤ አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ራስ ተደፍቶ አብረው አነበቡት። ልጅቷ እየሮጠች ወደ ምዝገባው ሄደች፣ ደንቡን ባንኮኒው ላይ ረስታ። አምስት ሰዓት ሳይሞላ ተመዝግባ ደንቧን ልትወስድ ተመለሰች።

መመሪያው በሚቀጥለው ሳምንት ወጣ። ሠላሳ ሁለቱ ገጽ አንድ ገጽ ሆነ። አፈ ጮሌውን መጠቀም ይቻላል፤ የሰው ስም፣ ሕመምና ምሥጢር ግን አይሰጠውም፤ የተጠቀመ ሰው ተጠቅሜያለሁ ይበል እንጂ አይደብቅ፤ ማንኛውም ደብዳቤ ከመውጣቱ በፊት አንድ ሠራተኛ በተቀባዩ ቦታ ቆሞ ያነበዋል፣ ጥጉ ላይም ፊደሎቹን ያኖራል። የሕግ ክፍሉ ኃላፊ "ቆሞ" የምትለው ቃል ላይ ግማሽ ሰዓት ተከራከረ። ጉልበቱን የሚያመው ሠራተኛስ? አለ። በመጨረሻ "ቆሞም ሆነ ተቀምጦ" ተባለ። እትዬ ቃለ ጉባኤው ላይ ስትጽፈው ፈገግ ስትል አየኋት።

ሕግ ግን ሕግ ነው። ሁለት ማስጠንቀቂያ ይጻፍ ተባለ፣ አንዱ ለኔ፣ አንዱ ለእትዬ። የኔን አለቃችን ጻፈው። የእሷን ጻፍ ተብዬ የታዘዝኩት እኔ ነኝ።

እጄ ለምዶበት አፈ ጮሌውን ከፈትኩት። መልሼ ዘጋሁት። አራት ዐረፍተ ነገር ለመጻፍ አንድ ሙሉ ጠዋት ፈጀብኝ። ስጨርስ መዝጊያውን ከፍ አድርጌ ወጣሁ። አሥራ አንድ ዓመት ስቄበት የኖርኩት ቦታ ላይ ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። "ለወይዘሮ..." ከሚለው በታች ያለው መስመር ላይ ስደርስ ዓይኔ ፈዘዘብኝ፤ እንደገና ከላይ ጀመርኩ።

"ስንተኛ ተራ ነህ?" አለች እትዬ ከውስጥ።

 አለቃችን ከፈረመበት በኋላ አምጥቼ ሰጠኋት። ማስመሪያዋን ከመስመሩ ሥር እያስኬደች እስከ መጨረሻው አነበበችው።

"ምንም አይወጣለትም" አለች። "ጥጉ ግን ባዶ ነው።"

"እትዬ፣ ይሄን እንኳ ተዪኝ።"

"አንብበኸዋል?"

"አንብቤዋለሁ።"

"ከየት ሆነህ?"

"ከወዲያ።"

ሰማያዊ እስክሪብቶዋን ዘረጋችልኝ። ሁለቱን ፊደሎቼን ግራ ጥጉ ላይ ጻፍኩ። ሁለተኛው ፊደል ተጣመመ። እሷ ወረቀቱን ተቀብላ በወረቀት መብሻው አስተካክላ በሳችውና፣ በሃያ ዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያውን ማስጠንቀቂያ በገዛ እጇ ማህደሯ ውስጥ አሰረችው።